በራስ ለሚነደፍ የሥነ ጽሑፍ ጥናት ክሬዲት ስለማግኘት

የአንባቢ ደብዳቤ

«ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣

በቨርጂኒያ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተዛውሬ ስለመጣሁ ከመምህራኑ ጋር ገና ብዙም አልተዋወቅሁም። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ እየተገናኘን ኢትዮጵያውያን በእንግሊዝኛ የጻፏቸውን ልብ ወለዶች እናነባለን። አንዷ ጓደኛዬ የምትማረው ከእኔው ጋር ሲሆን፣ ሌላው ኮምፒዩተር ሳይንስ ያጠናል፤ ሦስተኛዋ ደግሞ ሌላ ኮሌጅ ናት። አሁን ንባባችንን ወደ አንድ መድበል ልንለውጠው አስበናል። በውስጡ ስለ ደራስያኑ የሚያትት ሰፊ መግቢያ፣ እኛው ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ የመለስናቸው አጫጭር ልብ ወለዶች፣ እዚህ አካባቢ ከሚኖሩ ታላላቆቻችን ጋር የምናደርገው ቃለ መጠይቅና የቃላት መፍቻ ይኖሩበታል። እንዲህ ያለ ሥራ ክሬዲት እንደሚያሰጥ ሰምቼ አማካሪዬን ብጠይቃት ‹ስፖንሰር የሚሆንሽ ፕሮፌሰር ፈልጊ› ብላ አንድ ቅጽ ሰጠችኝ። የፕሮፌሰር ቢሮ ገብቼ ምን እንደምል አላውቅም፤ እንዳላስቸግርም እፈራለሁ። የምማረው በመንግሥት ድጎማና በስኮላርሺፕ፣ ማታ ማታም እየሠራሁ ነው። አባቴ ‹ማንም ቆሞ ለማያስተምርሽ ኮርስ ልትከፍዪ ነው?› ይሉኛል። እስካሁን የሠራነውስ ይቆጠርልን ይሆን? ምን ባደርግ ይሻለኛል?

አንባቢዎ፣ ከአሌክሳንድሪያ»

መልስ

እኅቴ፣ ከጥያቄሽ ዋናውን ላስቀድም። አዎን፣ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪው ራሱ ነድፎ በአንድ መምህር ኃላፊነት ሥር ለሚያካሂደው ጥናት ክሬዲት ይሰጣል። ብዙዎቹ የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍሎች ለዚሁ የተመደበ የኮርስ ቁጥር አላቸው፤ ኢንዲፔንደንት ስተዲ ወይም ዳይሬክትድ ሪዲንግ የሚሉት ይኸው ነው። በደብዳቤሽ የዘረዘርሽው መድበል ግን አሁን ባለው መልኩ ክሬዲት ያሰጣል ብዬ አላምንም። ሥራው ዋጋ ስለሚያንሰው እንዳይመስልሽ፤ እንዲያውም ከብዙ የሴሚስተር ጽሑፎች የሚበልጥ ቁም ነገር አለው። ችግሩ ዩኒቨርሲቲው ክሬዲት የሚሰጠው ሴሚስተሩ ከመጀመሩ አስቀድሞ በጽሑፍ ስምምነት ለተደረሰበት፣ በአንድ ሴሚስተር ለሚያልቅና አንድ መምህር አንብቦ ማርክ ሊሰጥበት ለሚችል ሥራ ብቻ መሆኑ ነው። ስለዚህ ፕሮፌሰር ከመፈለግሽ በፊት ከመድበሉ ውስጥ በዚህ ልክ የሚስማማውን አንድ ክፍል ለይተሽ ማውጣት ይኖርብሻል። አማካሪሽ ቅጹን ስትሰጥሽ ሳትነግርሽ የቀረችው ነገር ይህ ነው፤ ጥያቄያቸው ውድቅ የሚሆንባቸው አብዛኞቹ ተማሪዎችም የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ልኩን ለማወቅ ሰዓት መቁጠር ይጠቅማል። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ከተማሪዎች ድጎማ ጋር አያይዞ ባወጣው ደንብ መሠረት አንድ ክሬዲት ማለት በሳምንት አንድ ሰዓት የክፍል ትምህርትና ቢያንስ ሁለት ሰዓት ከክፍል ውጭ የሚሠራ ሥራ ለ15 ሳምንታት ያህል ሲቀጥል የሚገኘው ነው። በዚህ ስሌት የሦስት ክሬዲት ኮርስ ወደ 135 ሰዓት ገደማ ይጠይቃል። መደበኛ ክፍል በሌለው ጥናት የክፍሉም ሰዓት ወደ ንባብና ወደ ጽሕፈት ስለሚዞር፣ በሳምንት ዘጠኝ ሰዓት ያህል ማንም ሳያስገድድሽ መሥራት አለብሽ ማለት ነው። ማታ ማታ ለምትሠራ ተማሪ ይህ ቀላል ሸክም አይደለም። አሁን የመድበሉን ዝርዝር በዚህ ሚዛን ላይ አስቀምጪው። ሰፊው መግቢያ ብቻውን የአንድ ሴሚስተር ሥራ ነው። ትርጉሙም እንዲሁ ሌላ ሴሚስተር ይወስዳል፤ ቃለ መጠይቁ ደግሞ ከፈቃዱ፣ ከቀረጻውና ወደ ጽሑፍ ከመመለሱ ጋር ከዚያም ይረዝማል። ይህን ሁሉ በአንድ ማመልከቻ ላይ የሚያይ መምህር ሥራው አያልቅም ብሎ ቢፈራ አይፈረድበትም።

የእኔ ምክር ለመጀመሪያው ሴሚስተር መግቢያውን እንድትወስጂ ነው። ምክንያቴም ንባቡን አስቀድመሽ ስላገባደድሽው፣ ውጤቱም ትምህርት ክፍሉ ማርክ መስጠት የለመደው የትንተና ጽሑፍ ስለሚሆን ነው። ነገር ግን «ኢትዮጵያውያን በእንግሊዝኛ የጻፏቸው ሥራዎች» ርዕስ እንጂ ጥያቄ አይደለም። ርዕሱን ወደ ጥያቄ ለመለወጥ ሁለት ወይም ሦስት ሥራዎችን መርጠሽ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል። ለምሳሌ የሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም «አፈርሳታ» እ.ኤ.አ. በ1969፣ የዳኛቸው ወርቁ «ዘ ተርቲንዝ ሰን» (አሥራ ሦስተኛዋ ፀሐይ) በ1973 ለንደን ውስጥ በሃይነማን የአፍሪካ ደራስያን ተከታታይ ኅትመት ወጥተዋል። በመጀመሪያው ውስጥ አንድ ጎጆ ተቃጥሎ የጉራጌ መንደርተኞች ጥፋተኛውን ለማውጣት በአውጫጭኝ ይሰበሰባሉ። በሁለተኛው አንድ በሞት አፋፍ ላይ ያለ ፊታውራሪ በልጆቹ ታጅቦ ወደ ዝቋላ ይጓዛል። ሁለቱም የአገር ቤት ሥርዓትን ይዘው በአንድ አሳታሚ በኩል ወደ አንድ ዓይነት የውጭ አንባቢ ሄደዋል። እንግዲህ ደራስያኑ ለዚያ አንባቢ የትኛውን ልማድ ቆም ብለው አስረዱ? የትኛውን ሳያብራሩ አለፉ? ይህ ምርጫቸውስ በትረካው አካሄድ ላይ ምን ለውጥ አመጣ? ይህ በ15 ሳምንት ሊመረመር፣ ከልብ ወለዶቹ ገጾች በማስረጃ ሊመለስ የሚችል ጥያቄ ነው። ሣህለ ሥላሴ የመጀመሪያ መጽሐፉን ከጉራጌ ቋንቋዎች አንዱ በሆነው በቸሃ ጽፎ፣ የቋንቋ ምሁሩ ቮልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ መልሶለት በ1964 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ እንዳሳተመለት ስታስቢ ደግሞ፣ አንድ ደራሲ በትርጉም ሲነበብና ራሱ በእንግሊዝኛ ሲጽፍ አንባቢውን የሚያስተናግድበት መንገድ ይለያይ እንደሆነ ለመጠየቅ በር ይከፈትልሻል። ይህን ሐሳብ የሰጠሁሽ ለምሳሌ ነው፤ ጥያቄው ከራስሽ የእሑድ ንባብ ቢወጣ ይበልጥ ደስ ይለኛል፤ ከጓደኞችሽ ጋር የተከራከራችሁበትና ያልተስማማችሁበት ነጥብ ካለ እሱኑ ያዢው።

ምናልባት «ይህ የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ጉዳይ ነውን?» የሚል ይገጥምሽ ይሆናል። ጥያቄው ሲነሣ አትደናገጪ፤ የዘርፉ የራሱ ታሪክ መልስ አለው። እ.ኤ.አ. በ1968 ናይሮቢ ውስጥ ኬንያዊው ደራሲ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎና ሁለት ባልደረቦቹ የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍሉ የእንግሊዝን ሥነ ጽሑፍ ማዕከል ማድረጉን እንዲተው የሚጠይቅ ጽሑፍ ለዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ካቀረቡ ወዲህ ክርክሩ በዓለም ዙሪያ ቀጥሏል፤ ዛሬ ብዙ የአሜሪካ ትምህርት ክፍሎች ተማሪዎቻቸው ቢያንስ አንድ የዓለም አቀፍ ወይም የድኅረ ቅኝ ግዛት ሥነ ጽሑፍ ኮርስ እንዲወስዱ ያዛሉ። እዚህ ላይ ለአንቺ የሚጠቅም ተግባራዊ ነገር አለ። የዲግሪ መስፈርቱን ገልጠሽ እንዲህ ያለ ግዴታ ካለ ተመልከቺ፤ ካለና ገና ካላሟላሽው፣ ጥናቱ በዚያ ቦታ እንዲያዝልሽ ጠይቂ። እንደ ነፃ ምርጫ ብቻ የተቆጠረ ኮርስና የግዴታ ቦታ የሸፈነ ኮርስ ለአንቺ እኩል ጥቅም የላቸውም። ፈቃዱን የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ስለሆነ በቃል «ይሆናል» መባል አይበቃም፤ በኢሜይልም ቢሆን በጽሑፍ ይኑርሽ። ተመራቂዎች በመጨረሻው ሴሚስተር ላይ አንድ ኮርስ እንደጎደላቸው የሚነገራቸው እንዲህ ያለው ነገር በቃል ቀርቶ ነው።

አሁን ወደምትፈሪው ነገር ልምጣ። የፕሮፌሰር ቢሮ መግባት ማስቸገር ይመስልሻል። ታላቅን ማክበር ያደግንበት ወግ ስለሆነ ፍርሃትሽ ይገባኛል፤ ነገር ግን በዚህ አገር መምህር በየሳምንቱ የቢሮ ሰዓት ብሎ በሩን ክፍት የሚያደርገው ተማሪ እንዲመጣለት ነው፤ ተማሪ ሳይመጣ ያ ሰዓት ሲያልፍ ማንም አይጠቀምም። እውነት የሆነ አንድ ነገር ግን ማወቅ አለብሽ፤ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ኢንዲፔንደንት ስተዲ የሚመራ መምህር ለዚህ ሥራ ተጨማሪ ክፍያ አያገኝም፤ ከማስተማር ጫናውም አይቀነስለትም። ስለዚህ የምትጠይቂው ውለታ ነው፤ ውለታ ጠያቂ ደግሞ ተዘጋጅቶ ይሄዳል። በኮርስ የሚከፈላቸው ጊዜያዊ መምህራን ስፖንሰር እንዲሆኑ የማይፈቀድባቸው ትምህርት ክፍሎች ስላሉ አስቀድመሽ ጸሐፊዋን ጠይቂ። የአፍሪካ ሥነ ጽሑፍ ባለሙያ ካልተገኘም ተስፋ አትቁረጪ፤ ልብ ወለድ እንዴት እንደሚነበብ ያስተማረሽና ጽሑፍሽን አንብቦ ጥሩ አስተያየት የሰጠሽ መምህር፣ በጽሑፍሽ ላይ ዓይኑን ከማያሳርፍ ባለሙያ ይሻልሻል። ካለፈው ሴሚስተር መምህራንሽ ማን ጽሑፍሽ ላይ ከማርክ በላይ ሐሳብ ጻፈልሽ? መጀመሪያ ወደ እሱ ወይም ወደ እሷ ሂጂ።

ኢሜይሉ አጭር ይሁን። ስምሽን፣ ከመምህሩ የወሰድሽውን ኮርስ፣ ጥያቄሽን በሁለት ዓረፍተ ነገር፣ ከዚያም «በሚቀጥለው ሴሚስተር በእርስዎ መሪነት ይህን ማጥናት እፈልጋለሁ፤ ሁለት ገጽ ረቂቅ አያይዣለሁ፤ በቢሮ ሰዓትዎ መጥቼ አሥር ደቂቃ ላነጋግርዎ እችላለሁን?» ብለሽ ጨርሺ። ይቅርታ መደርደር፣ ስለ ሕይወትሽ ታሪክ መተረክ አያስፈልግም። በሳምንት ውስጥ መልስ ካልመጣ አንድ ጊዜ በትሕትና አስታውሺ፤ ወይም በቢሮ ሰዓት በአካል ሂጂ።

ረቂቁ ላይ ጊዜ ወስደሽ ሥሪ፤ የመምህሩን ሐሳብ የሚወስነው እሱ ነው። በመጀመሪያው አንቀጽ ጥያቄሽንና ለምን መልስ እንዳልተገኘለት ጻፊ። ቀጥሎ የንባብ ዝርዝርሽን በሳምንት በሳምንት ከፋፍለሽ አስቀምጪ፤ በዚያ ውስጥ ልብ ወለዶቹ ብቻ ሳይሆኑ ስለ እነርሱ የተጻፉ ሂሶችና ስለ ተከታታይ ኅትመቱ የተጻፉ ጥናቶችም ይግቡ። ከዚያ የምታስረክቢውን ሥራ ከነቀኑ አስፍሪ፤ ለምሳሌ በአምስተኛው ሳምንት በማብራሪያ የታጀበ የምንጮች ዝርዝር፣ በዘጠነኛው ሳምንት ስድስት ገጽ የመጀመሪያ ክፍል፣ በአሥራ ሁለተኛው ሙሉ ረቂቅ፣ በመጨረሻም ከሃያ ገጽ ያላነሰ ጽሑፍ። እያንዳንዱ ከመቶ ስንት እንደሚይዝ ጨምሪ። በየሁለት ሳምንቱ ለግማሽ ሰዓት እንደምትገናኙ ጻፊ። መምህሩ ይህን ያሻሽለዋል፤ አንዳንዱን ይሰርዛል፤ ያ የሚጠበቅ ነው። ዋናው ነገር ኮርሱን ከባዶ መንደፍ የእሱ ሸክም እንዳይሆን ማድረግሽ ነው። ቅጹ ላይ ለኮርሱ ርዕስ የሚሞላ ቦታ ካለ ባዶ አትተዪው፤ ትራንስክሪፕትሽ ላይ «ኢንዲፔንደንት ስተዲ» ብቻ ተጽፎ ከሚታይ ይልቅ የጥናትሽ ርዕስ ቢታይ፣ ወደፊት ለድኅረ ምረቃ ወይም ለሥራ ስታመለክቺ ምን እንደሠራሽ ያለ ማብራሪያ ይናገርልሻል።

ስለ ጓደኞችሽ የምሰጠው ሐሳብ ላይስማማሽ ይችላል። በቡድን ለሚሠራ ጥናት ክሬዲት የሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎች መኖራቸው እውነት ነው። ብራውን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1969 ክፍት ሥርዓተ ትምህርቱን ከጀመረ ወዲህ ተማሪዎች ተሰብስበው የኮርስ ዝርዝር ነድፈው፣ ስፖንሰር መምህር ይዘው በጋራ ማጥናት ይችላሉ። በበርክሊ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከ1981 ጀምሮ ዲካል በሚባለው ፕሮግራም ተማሪዎች ራሳቸው ኮርስ ይመራሉ፤ በእነዚያ ኮርሶች ማርኩ አለፈ ወይም አላለፈ የሚል ነው። በአንቺ ዩኒቨርሲቲ ተመሳሳይ ነገር ካለ ከእንግሊዝኛ ክፍል ጓደኛሽ ጋር ልትሞክሩት ትችላላችሁ። ሌላ ኮሌጅ ያለችው ጓደኛሽ ግን በእናንተ ዩኒቨርሲቲ በቀላሉ ልትመዘገብ አትችልም፤ የኮምፒዩተር ሳይንሱም ልጅ ክሬዲቱ ለዲግሪው ላይቆጠርለት ይችላል። አራታችሁም እኩል ካልተካፈልን ብላችሁ ብትጸኑ ነገሩ በቢሮ ደጅ ላይ ይቀራል። እያንዳንዳችሁ ለየብቻችሁ፣ የምትችሉት ብቻ፣ የየራሳችሁን ክፍል ይዛችሁ ብትሄዱና የእሑዱን ስብሰባ ግን ያለ ማርክና ያለ ቀነ ገደብ እንዳለ ብትተዉት እመርጣለሁ። ያ ስብሰባ ለአንቺ ጥናት ትልቅ ሀብት ነው፤ ረቂቅሽን የሚያነቡልሽ፣ መጻሕፍቱን የሚያውቁ ሦስት ሰዎች በየትኛውም ሴሚናር ክፍል አታገኚም። ወደ ኮርስ ከለወጣችሁት ግን ማን ምን ያህል ሠራ የሚለው ክርክር መግባቱ አይቀርም፤ ወዳጅነታችሁንም ሊጎዳው ይችላል።

እስካሁን የሠራችሁት ይቆጠር እንደሆነ ጠይቀሻል። ዩኒቨርሲቲዎች ሳይመዘገቡበት ለተሠራ የትምህርት ሥራ ወደ ኋላ ተመልሰው ክሬዲት አይሰጡም ማለት ይቻላል። አንዳንድ ተቋማት የቀድሞ ልምድን በማስረጃ ጥራዝ ገምግመው ክሬዲት የሚሰጡበት አሠራር አላቸው፤ ነገር ግን እሱ በዋናነት የታሰበው የረጅም ጊዜ የሥራ ልምድ ላላቸው አዋቂ ተማሪዎች ስለሆነ ለአንቺ አይሆንም። ይህ ማለት ዓመቱ ባከነ ማለት አይደለም፤ ጥያቄውን ያገኘሽው በዚያ ዓመት ነው፤ መምህሩም ረቂቅሽን ሲያነብ መጻሕፍቱን በእርግጥ እንደምታውቂያቸው ይታየዋል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። አስቀድመሽ የጻፍሽው ማስታወሻ ወይም ረቂቅ ትርጉም ካለ ለመምህሩ በግልጽ ንገሪው፤ ያንንም ለሌላ ኮርስ አስረክበሽው ከሆነ ያለ ፈቃድ ደግመሽ ማቅረብ በአብዛኞቹ የአካዳሚክ ሥነ ምግባር ደንቦች እንደ ጥፋት ይቆጠራል።

ቃለ መጠይቁን ለዚህ ሴሚስተር እንድትተዪው አጥብቄ እመክርሻለሁ። በሰዎች ላይ የሚደረግን ምርምር የሚመለከተው የፌዴራል ደንብ ተሻሽሎ እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ የቃል ታሪክን፣ ጋዜጠኝነትንና የሥነ ጽሑፍ ሂስን የመሳሰሉ፣ ስለ ተጠያቂው ግለሰብ ብቻ የሚናገሩ ሥራዎችን ከደንቡ ወሰን ውጭ አድርጓል፤ ነገር ግን የአንቺ ሥራ በዚህ ውስጥ ይገባ አይገባ እንደሆነ የሚወስነው የዩኒቨርሲቲው የምርምር ሥነ ምግባር ቦርድ ስለሆነ፣ ሳትጠይቂ መቅረጽ መጀመር የለብሽም። ከደንቡም በላይ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር አለ። ስለ እ.ኤ.አ. 1960ዎቹና 1970ዎቹ ዓመታት መጻሕፍት የምትጠይቂያቸው ታላላቆቻችን ያነበቡበትን ጊዜ ሲያስታውሱ አብዮቱን፣ እስሩን፣ ቀይ ሽብሩን፣ የጠፉ ወንድምና እኅቶቻቸውን ማስታወሳቸው አይቀርም። እንዲህ ያለ ነገር በሴሚስተር መጨረሻ በሚደርስ ማርክ ተቻኩሎ አይቀረጽም። ሰውየው የተናገረውን ቆይቶ ማንበብ፣ የማይፈልገውን ማስወጣት፣ ቅጂው የት እንደሚቀመጥ ማወቅ መብቱ ነው። ይህ በጊዜ፣ በትዕግሥትና ምናልባትም የቃል ታሪክ ኮርስ ከወሰድሽ በኋላ የምትመለሺበት ሥራ ይሁን።

ትርጉሙ ለሁለተኛ ሴሚስተር ጥሩ ጥናት ይሆናል፤ በተለይ ትምህርት ክፍልሽ የፈጠራ ጽሑፍ ወይም የትርጉም ኮርስ ካለው ከዚያ ጋር ሊያያዝ ይችላል። ለመማሪያ ያህል አንድን አጭር ልብ ወለድ መተርጎምና ለመምህርሽ ማስረከብ ችግር የለውም። ታትሞ ለአንባቢ መድረስን በተመለከተ ግን ደራሲውን ወይም ወራሾቹን በጽሑፍ ማስፈቀድ ይገባል። ደራሲው አገር ቤት ቢሆንና ገንዘብ ባታገኙበትም ይህን አትተዉ። አማርኛ የማያነብ መምህር ትርጉምሽን እንዴት ሊገመግም እንደሚችልም አስቢ፤ አማርኛ የሚያውቅ ሁለተኛ አንባቢ ማቅረብ፣ ወይም ምርጫዎችሽን የምታስረጂበት ሰፋ ያለ የተርጓሚ ማስታወሻ አብሮ እንዲገመገም ማድረግ መፍትሔ ይሆናል።

ወደ አባትሽ ጥያቄ ልመለስ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ በቁጥር ሊመለስላቸውም ይገባል። ለባችለር ዲግሪ በተለምዶ 120 ክሬዲት ያስፈልጋል፤ ይህ ጥናት ከዚያ ውስጥ ሦስቱን ይሸፍናል። ዩኒቨርሲቲሽ ከ12 ክሬዲት ጀምሮ እስከ የተወሰነ ጣሪያ ድረስ አንድ ዓይነት ክፍያ የሚያስከፍል ከሆነ፣ በዚያ ውስጥ የሚገባ ጥናት አንድ ሳንቲም አይጨምርም። በክሬዲት የሚያስከፍል ከሆነ ግን ዋጋው እንደማንኛውም የሦስት ክሬዲት ኮርስ ነው፤ በበጋ (ሰመር) መውሰድም ብዙውን ጊዜ ለብቻው ያስከፍላል። ድጎማሽን በተመለከተ ሦስት ነገሮችን ለፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ አቅርቢ። አንደኛ፣ የፌዴራል ድጎማ የሚቆጥረው ለዲግሪሽ የሚቆጠር ኮርስ ብቻ ስለሆነ፣ ጥናቱ ካልተቆጠረ ከ12 ክሬዲት በታች ልትወርጂና እንደ ሙሉ ጊዜ ተማሪ ላትታዪ ትችያለሽ። ሁለተኛ፣ ስኮላርሺፕሽ የተወሰነ አማካይ ውጤት የሚጠይቅ ከሆነ ማርኩ በፊደል ይሁን ወይስ አለፈ በሚል፣ የትኛው እንደሚሻልሽ እወቂ፤ አንዳንድ ትምህርት ክፍሎች በፊደል ያልተሰጠን ውጤት ለዋናው የጥናት ዘርፍ አይቆጥሩም። ሦስተኛ፣ በመጨረሻ ሰዓት ኮርሱን ብትተዪ ምን እንደሚከተል ጠይቂ። በተማሪ ቪዛ ያላችሁ ሌሎች አንባቢዎች ደግሞ በሴሚስተር ከአንድ በላይ የርቀት ኮርስ ለሙሉ ጊዜ ምዝገባ እንደማይቆጠርላችሁ አትርሱ፤ ጥናቱ በአካል ከመምህር ጋር በመገናኘት የሚካሄድ መሆኑ ቅጹ ላይ ይጻፍ፤ የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮም አስቀድሞ ይወቅ።

«ማንም ቆሞ አያስተምርሽም» ላሉት ደግሞ እውነቱን ንገሪያቸው። ሠላሳ ሰው በተቀመጠበት ክፍል አንድ መምህር ለአንድ ተማሪ ብቻ ግማሽ ሰዓት ሰጥቶ ጽሑፉን ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ሲያነብ አይታይም፤ በዚህ ጥናት ግን ያንን ታገኚያለሽ። አዲስ ተዛውረሽ የመጣሽ ስለሆነ በደንብ የሚያውቅሽ መምህር እስካሁን የለሽም፤ ከአንድ ሴሚስተር ጥናት በኋላ የድጋፍ ደብዳቤ በእውቀት ላይ ተመሥርቶ የሚጽፍልሽ ሰው ይኖርሻል፤ ሃያ ገጹም ለድኅረ ምረቃ ስታመለክቺ የሚጠየቀው የጽሑፍ ናሙና ይሆንልሻል። አባትሽ ልጃቸው በማይመለስ ነገር ላይ እንዳትወድቅ ነው የሚፈሩት፤ የተፈረመውን ቅጽና የክፍያውን ዝርዝር አብረሽ ብታሳዪያቸው ፍርሃታቸው ሊቀል ይችላል።

ጊዜው አጭር ነው። ለጸደይ (ስፕሪንግ) ሴሚስተር ምዝገባ በአብዛኛው በጥቅምትና በኅዳር ይከፈታል፤ የኢንዲፔንደንት ስተዲ ቅጽ ደግሞ ከመምህሩ በተጨማሪ የትምህርት ክፍሉን ኃላፊ፣ አንዳንዴም የዲን ቢሮን ፊርማ ስለሚፈልግ ኮርስ ከመምረጥ ይልቅ ሳምንታት ይወስዳል። የመጨረሻውን ቀን ከሬጅስትራር ቢሮ ጠይቀሽ ከዚያ አንድ ወር ቀድመሽ ረቂቁን ለመምህሩ አድርሺ። ጥናቱ ከተፈቀደልሽ በኋላ ትልቁ አደጋ ዝምታ ነው፤ በስድስተኛው ሳምንት ሌላ ፈተና ይመጣል፣ ሥራ ይበዛል፣ ቀጠሮው ይዘለላል፣ መጨረሻው ኢንኮምፕሊት (ሥራው አልተሟላም የሚል ውጤት) ይሆናል። ኢንኮምፕሊት በተወሰነ ጊዜ ካልተሟላ በብዙ ቦታ ወደ ኤፍ ይለወጣል፤ ያ ደግሞ ስኮላርሺፕሽን ይነካል። ምንም ባትጽፊ እንኳ ቀጠሮውን አትሰርዢ፤ ያነበብሽውን ይዘሽ ሂጂና ስለሱ ተነጋገሩ። በተቻለሽ መጠን በዚያ ሴሚስተር ሌሎች ከባድ የጽሑፍ ኮርሶችን አትደራርቢ።

የመጀመሪያው መምህር ጊዜ የለኝም ቢልሽ «ማንን ብጠይቅ ይሻላል ይላሉ?» ብለሽ ስም ይዘሽ ውጪ። ሁለተኛውም ካልተመቸው ሌላ መንገድ አለ። በሚቀጥለው ሴሚስተር የምትወስጂው የሥነ ጽሑፍ ሴሚናር ተማሪዎች የመጨረሻ ጽሑፋቸውን ርዕስ ራሳቸው እንዲመርጡ የሚፈቅድ ከሆነ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ለመምህሩ ስለ «አፈርሳታ»ና ስለ «ዘ ተርቲንዝ ሰን» መጻፍ እንደምትፈልጊ ንገሪው። ለዚህ ስፖንሰርም ሆነ ልዩ ቅጽ አያስፈልግም። ጽሑፉ ሲሳካ ደግሞ ያው መምህር በአራተኛ ዓመትሽ የኦነርስ (የማዕረግ) መመረቂያ ጽሑፍ እንድትሠሪበት ሊመራሽ ይችላል፤ እሱም በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ሁለት ሴሚስተር የሚወስድና የራሱ ክሬዲት ያለው ጥናት ስለሆነ፣ ካሰብሽው መግቢያ የሚሰፋ ሥራ የምትጽፊበት በቂ ጊዜ ይሰጥሻል።